ሐሪሳ ላይ ጧፍ ያበራችውን ልጅ ተዉአት

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ከገጽ ወደ ገጽ እየዞረ ነው። ነጠላ ያደረገች ልጅ፣ ሊባኖስ ውስጥ ሐሪሳ በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ ከነጩ የእመቤታችን ሐውልት ሥር ቆማለች። ፎቶው ላይ ምንም ክፉ ነገር የለም። ክፉው ያለው ከሥሩ የተጻፈው ኮሜንት ላይ ነው። ካቶሊክ ሆነች የሚል አለ። ሃይማኖቷን በዶላር ለወጠች የሚል አለ። የራሷ ቤተ ክርስቲያን ጠፍቷት ነው ወይ የሚልም አለ። ከጻፉት ውስጥ ያስተማርኳቸው ልጆች ስላሉበት ዝም ማለት አልሆነልኝም። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

መጀመሪያ ቦታውን ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሐሪሳ ከቤይሩት በስተሰሜን፣ ከጁኒዬ ባሕር ዳርቻ በላይ የተቀመጠ ኮረብታ ነው። የማሮናውያን ቦታ ነው፤ ማለትም ከሮም ጋር ኅብረት ያላቸው የምሥራቅ ካቶሊኮች። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ ሮም ስለ እመቤታችን አፀናነስ በ1854 ያወጣችው ድንጋጌ 50ኛ ዓመት ሲታሰብ። የተመረቀው በ1908 ነው። ሐውልቱ ፈረንሳይ አገር የተሠራ ነሐስ ነው፤ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ቁመቱ 8 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 15 ቶን ይባላል። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት አለ፣ መሠረቱ ውስጥ ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፣ በዙሪያው ደግሞ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ደረጃ። አቅም ያለው ከጁኒዬ በቴሌፌሪክ ይወጣል፤ የተሳለ ሰው በእግሩ፣ አንዳንዱም በባዶ እግሩ። ሜይ የእመቤታችን ወር ነው ስለሚሉ ያኔ ሕዝቡ ይበዛል። ሙስሊሞችም ይመጣሉ። የሊባኖስ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ማርች 25ን፣ የብሥራትን ቀን፣ የክርስቲያንና የሙስሊም የጋራ በዓል አድርጎታል።

ግሸን የወጣ ሰው እዚያ ቢቆም የሚያየው ነገር አይጠፋውም። ስለት አለ፣ ጧፍ አለ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚያለቅስ አለ።

አሁን ወደ ክሱ። ሥርዓት አለ ትላላችሁ። አዎ አለ። ኦርቶዶክሳዊት ከካቶሊክ መቅደስ አትቆርብም፤ ማንም ይህን አልካደም። በ1854ቱ ድንጋጌም ላይ ሊቃውንቱ ይከራከሩ፣ የነሱ ሥራ ነው። ጧፍ አብርቶ «እመቤቴ አውጪኝ» ማለት ግን መቁረብ አይደለም። ደግሞስ በየቀኑ የምታደርሱትን ውዳሴ ማርያም የደረሰው ማነው ትላላችሁ? ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ። ማሮናውያንም የሚያከብሩት እሱኑ ነው፤ ቅዳሴያቸውም ከዚያው ከሶርያ ሥርዓት የመጣ ነው። ልጅቷ እዚያ ኮረብታ ላይ ያንን ጸሎት በልቧ ብትደግም በየትኛው መጽሐፍ ነው የምትከሰሰው?

«የራሷ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ለመሄድ እኮ መጀመሪያ ከበር መውጣት ያስፈልጋል! እዚያ የሚሠሩ ተማሪዎቼ ከነበሩት አንዷ እንዲህ ብላኛለች፦ ሐሪሳን ያየችው ማዳም ቤተሰቧን ይዛ ስትሄድ ሕፃን እንድትይዝ ስለወሰደቻት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የረገጠችው ቤተ ክርስቲያን ያ ብቻ ነው። መርጣ አልሄደችም። ካቶሊክ ለመሆንም፣ ላለመሆንም ዕድል አልነበራትም። ጥቂት ደቂቃ አገኘች፣ ጧፍ አበራች፣ ሕፃኑን ተቀብላ ወረደች።

እስቲ ሕጉን እንየው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አደረጋቸው። እስካሁን እንደዚያው ነው። በነሱ ላይ የሚሠራው ከፋላ ነው፤ መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለሆነ ያለሱ ፈቃድ ቤቱን ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ ትባላለች። በ2009 የወጣው ኮንትራት በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ግን አሠሪው በር ቆልፎ ቢሄድ ማን ያያል? በ2020 የተሻለ ኮንትራት ወጣ፤ ፓስፖርቷ በእጇ እንዲሆን፣ ሥራውን ያለ አሠሪ ፈቃድ መተው እንድትችል የሚል። የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ከሰሰና በወሩ ገደማ ፍርድ ቤት አገደው። በዚያው ዓመት ኢኮኖሚው ሲወድቅ ስንት እህቶቻችንን አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው ቆንስላው ደጃፍ ከነሻንጣቸው እንደጣሏቸው ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ያኔ ስለ ሃይማኖታቸው የተጨነቀ ኮሜንት ብዙ አላየሁም።

አንድ የምታውቁትን ታሪክ ላስታውሳችሁ። ከሣቴ ብርሃን ሰላማ፣ ፍሬምናጦስ፣ ከየት ነው የመጣው? ከጢሮስ። ጢሮስ ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ናት። ሩፊኖስ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቼ ብሎ እንደጻፈው፣ ሁለቱ ልጆች ከጥፋት ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ተወሰዱ። አገልጋይ ሆኑ። አንዱ ጠጅ አሳላፊ፣ ሌላው የመዝገብና የሒሳብ ኃላፊ። ንጉሡ ሲሞት ነፃ ለቀቃቸው። ፍሬምናጦስ ግን ንግሥቲቱ ስለለመነችው ቆየ፤ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲኖራቸው አደረገ፤ በኋላም ጳጳሳችን ሆነ። ከሊባኖስ ጠረፍ የመጣ የሰው ቤት አገልጋይ፣ በባዕድ አገር ለጸሎት የሚሰበሰብበት ቦታና ጊዜ አገኘ፤ የኛ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ተጀመረች። ዛሬ የኛ ልጅ በሱ አገር አገልጋይ ናት። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቀን ስጧት ብለን መጠየቅ ይብዛብን?

ማዳምንም አልተዋትም። የልጅቱን ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን በቦርሳዋ ይዛ፣ ኮረብታው ላይ ወጥታ ምሕረት ትለምናለች። ምን ብላ እንደምትለምን አላውቅም። ቀሳውስቱም ቢሆኑ በዚያ ደረጃ ላይ ሕፃን አዝላ የምትወጣውን ጥቁር ልጅ በየሳምንቱ ያያሉ። በየስብከታቸው መጀመሪያ «በቤታችሁ ያለችው ሠራተኛ ዛሬ አረፈች ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ከሐውልቱ ክብር የሚቀንስ የለም።

የኛ ድርሻ ግን እዚሁ ነው። ልጃችሁ፣ እህታችሁ፣ የክፍል ጓደኛችሁ እዚያ ካለች እሑድ ደውሉላት። «ብር ላክሽ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቋት፦ ፓስፖርትሽ የት ነው? በሳምንት ስንት ቀን ታርፊያለሽ? ብቻሽን ከቤት ትወጪያለሽ? መልሷን ጻፉት፣ ቀን አድርጉበት፣ አስቀምጡት። ልጅ ልትልኩ ያሰባችሁ ደግሞ ኮንትራቱን የምታነቡት ከደመወዙ ሳይሆን ከዕረፍቱ ቀን ጀምራችሁ ይሁን።

ሦስቱንም መልሳ፣ ከቤት ወጥታ፣ በገዛ እሑዷ ሐሪሳን መርጣ ከሄደች፣ ያኔ ስለ ሥርዓት እንነጋገራለን። እስከዚያው ከፎቶዋ ሥር የጻፋችሁትን አጥፉት።