ከስዊሱ ባቡር በፊት የአዋሽን ቁልቁለት እንውረድ



ክበባችን በዚሁ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ ሁላችሁም አንብባችሁታል ብለን እናምናለን። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ክፍላችን በአንደኛው ኮምፒዩተር ላይ የባቡር መንዳት ጌም ተጭኗል። ጌሙ በነጻ የተገኘ ሲሆን፣ የፈለገ ሰው የራሱን የባቡር መስመር ሠርቶ ሊጨምርበት ይችላል። ክበቡም «በዚህ መንፈቅ ዓመት አንድ መስመር አብረን እንሥራ፤ የቱን እንሥራ? እስከ ዓርብ ሐሳብ አቅርቡ» ይላል። እስከ ትናንት ማታ ከቀረቡት ሐሳቦች አብዛኞቹ ከበርን ወደ ዙሪክ የሚሄደውን የስዊትዘርላንድ ፈጣን ባቡር የሚደግፉ ናቸው። እኛ በአንድ ክፍል የምናድር አራት ዕጩ መምህራን ነን፤ መጀመሪያ ለስዊሱ ፈርመን ነበር። አሁን ፊርማችንን ሰርዘናል። ፈርሞ የሰረዘ ሰው ደግሞ ምክንያቱን የመናገር ግዴታ አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን «ለመሆኑ ጌም ምን ቁም ነገር አለውና ነው ይህን ያህል ወረቀት የሚፈጀው?» ለሚሉ አሠልጣኞቻችን አንድ ቃል እንበል። ይህ ጌም እንደነዚያ ተኩስ በተኩስ እንደሆኑት አይደለም። ተጫዋቹ ባቡር ነጂ ሆኖ የመነሻ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ምልክት ይመለከታል፣ ኃይል ይጨምራል፣ ፍሬን ይይዛል። መስመር የሚሠራው ሰው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ሥራ አለበት። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ማስገባት አለበት፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የጠፈር መንኩራኩር በ11 ቀናት ውስጥ አብዛኛውን የዓለም የብስ በራዳር የለካበት መረጃ ዛሬ ለማንም በነጻ ስለሚገኝ ነው። በዚያ ላይ ሐዲዱን ይዘረጋል፤ ዳገቱን፣ ኩርባውን፣ ድልድዩን፣ ጣቢያውን አንድ በአንድ ያስቀምጣል። ይህን ሠርቶ የጨረሰ ዕጩ መምህር ክፍል ገብቶ ስለ ካርታ ሲያስተምር አፉ አይያዝም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። የስዊሱን ሐሳብ ያመጡ ጓደኞቻችንን አንንቅም። እንዲያውም ከእነሱ ብዙ ተምረናል። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) ከማትሽቴተን እስከ ሮትሪስት የተዘረጋው 45 ኪሎ ሜትር አዲስ ሐዲድ ተከፈተ፤ ባቡሩም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር መሮጥ ቻለ። ከበርን ዙሪክ ቀድሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ጉዞ 56 ደቂቃ ሆነ። «ጎረቤታቸው ፈረንሳይ 300 ሲሮጥ እነዚህ ለምን በ200 ቆሙ?» ብለን ጠየቅን። መልሱን ስናገኘው ገረመን። በታላላቆቹ የስዊስ ጣቢያዎች ባቡሮቹ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከየአቅጣጫው ይገባሉ፤ መንገደኛው ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ይሳፈራል፤ ከዚያ ሁሉም ይበተናሉ። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ጉዞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ማነስ ነበረበት። ከዚያ በላይ ቢፈጥን ደርሶ መቆም ነው፤ ቢዘገይ ደግሞ የሚቀጥለው ባቡር ያመልጣል። ሕዝቡ በኅዳር 1980 ዓ.ም. በድምፁ ያጸደቀው ዕቅድ ይኸው ነበር። ስዊሶች ፍጥነትን የሚለኩት ጣቢያ ላይ በሚጠብቀው ሌላ ባቡር ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ግን እንዴ! ይህን ለመማር በርን ድረስ መሄድ አለብን? እዚሁ ደጃችን ልደታ ፌርማታ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች፣ ከጦር ኃይሎች አያት የሚሄደውና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚወርደው፣ ልደታ ላይ ተገናኝተው በአንድ ሐዲድ እስከ ስታዲየም አብረው እንዲሄዱ ሆነው ነው የተሠሩት። የሐዲዱም ስፋት ከበርን–ዙሪኩ ጋር አንድ ነው፤ 1.435 ሜትር። በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍን ማን ልብ ብሎታል?

አሳባችንን ያስቀየረን ግን ሌላ ነገር ነው። ከመካከላችን አንዷ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አያቷ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በምድር ባቡር ነው። ለእረፍት ስትሄድ ስለዚህ ጌም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ነገሩ ግራ ገባቸው። ካስረዳቻቸው በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት፤ «ለመሆኑ ቁልቁለቱን ስትወርጂ ፍሬኑን የምትይዢው የት ጋ ሲደርስ ነው?» መልስ አልነበራትም። እሳቸው ግን በጣቶቻቸው ይቆጥሩ ጀመር። አቃቂ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ። በየጣቢያው መካከል ምን ዓይነት ኩርባ እንዳለ፣ የት ፊሽካ እንደሚነፋ፣ የት ከብት እንደሚበዛ። ጓደኛችን ደብተር ፍለጋ እስክትነሣ ድረስ ሽማግሌው ደክሟቸው ተኙ። ስትመለስ ይህን ነገረችንና ዝም አልን። በዚያው ምሽት ነው ፊርማችንን የሰረዝነው።

ሌላም የረሳነው ነገር አለ። ስዊስ፣ ስዊስ ስንል የዘነጋነው አንድ ስዊሳዊ አለ። አልፍሬድ ኢልግ ይባላል። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የመጣ መሐንዲስ ነው። ከብዙ ዓመት ውትወታ በኋላ በ1886 ዓ.ም. እሱና ፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኖ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ አገኙ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተቋቋመ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ይህን አላየም፤ በ1908 ዓ.ም. በአገሩ ዙሪክ ውስጥ ዐርፏል። እንግዲህ የስዊስ መስመር ካማረን ስዊሳዊ ያቀደው መስመር ከልደታ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ይጀምራል፤ ለገሃር።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ክበባችን መጀመሪያ የድሮውን የምድር ባቡር መስመር፣ ከለገሃር እስከ አዋሽ ያለውን ክፍል ይሥራ። ሙሉው መስመር እስከ ጅቡቲ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በአንድ መንፈቅ አይሞከርም። ምክንያቶቻችንን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መልክዓ ምድሩ ራሱ አስተማሪ ነው። ለገሃር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አዋሽ ጣቢያ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ከደጋ ተነሥቶ በወይና ደጋ አልፎ ቆላ መውረድ ማለት ነው። በመጽሐፍ «ስምጥ ሸለቆ» ብለን የምንሸመድደውን ተማሪው በባቡር ነጂው መስኮት ቁልቁል ሲወርድ ያየዋል።

ሁለተኛ፣ ፍጥነት ምን እንደሆነ የሚያስተምረን ይህ መስመር ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አንድ የመንገደኛ ባቡር አዋሽ አቅራቢያ ወደ ኩርባ ድልድይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በፊዚክስ ክፍል እንደተማርነው ባቡር በኩርባ ላይ ፍጥነቱን እጥፍ ቢያደርግ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ቀመር ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል፤ ያ ድልድይ ምን እንዳስከፈለ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እዚህ ላይ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። አንዳችን «የሰው እልቂት በጌም አይሠራም» አለ። ልክ ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ጌሙ ባቡሩን እንዲገለብጥ አንፈልግም፤ የፍጥነት ወሰን ምልክት ይቁም፤ ያለፈው ነጂ እንደገና ከአዳማ እንዲጀምር ይደረግ። መቀለጃ እንዳይሆን መጠንቀቅ የክበቡ ኃላፊነት ነው።

ሦስተኛ፣ መስመር መምረጥ ምን ማለት እንደሆነ ያሳየናል። ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸጋሪ ስለሆነ ሐዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ በዚያም «አዲስ ሐረር» የተባለች መንደር በቀለች። እሷም ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ናት። መሐንዲሱ ካርታ ላይ እርሳሱን ጥቂት ዘንበል ቢያደርግ አንድ ከተማ ይወለዳል። ይህን በሠሌዳ ላይ የሚያሳይ መምህር ተማሪው አይረሳውም።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንመልከት። «ያ መስመር ዘገምተኛ ነው፣ አርጅቷል» የሚሉ አልጠፉም። አዎ፣ ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ። ታዲያ በስዊስ ተራሮች ላይ ዓለም የሚጎበኘው የሬቲያ ባቡርስ ስፋቱ ስንት ይመስላችኋል? ያው 1 ሜትር ነው። ስዊሶች ጠባቡን አልጣሉትም፤ ተንከባክበው ይዘውታል።

«እሺ፣ አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ለምን አንሠራም?» ያሉም አሉ። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የመንገደኛው ፍጥነት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ የተሠራ ነው። እሱ ግን አዲስ ነው፤ ሥዕሉም ሰነዱም አይጠፋም፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊሠራ ይችላል። የድሮው ግን በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ ሰዎቹ ደግሞ እየተለዩን ነው። ማስቀደም ያለብን የሚጠፋውን ነው።

ሳተላይቱ ብቻውን እንደማይበቃ አንድ ምሳሌ እንስጥ። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ትንሽ ውሃ ነው። ዛሬ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ አውራ ጎዳናውና ሐዲዱም ከውሃው ለማምለጥ ከፍ ተደርገው እንደገና ተሠርተዋል። የዛሬውን የሳተላይት ሥዕል ይዘን ብንሠራ የዱሮው ባቡር ነጂ ያላየውን ባሕር እናሳየዋለን ማለት ነው! ስለዚህ መጀመሪያ ዓመት መምረጥ፣ ከዚያ ያን ጊዜ የነበሩትን ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከባዱ ነው። አንድ አሠልጣኛችን «የምትመደቡት መብራት የሌለበት ትምህርት ቤት ነው፤ ጌሙ እዚያ ምን ይጠቅማል?» ብለውናል። እውነት ነው። ኮምፒዩተሩን ተሸክመን አንሄድም። ነገር ግን የጣቢያዎቹን ከፍታ አንድ በአንድ ለክቶ ያስቀመጠ እጅ በጠመኔ ሠሌዳ ላይ ከደጋ እስከ ቆላ ያለውን ቁልቁለት መሣል አያቅተውም። ጌሙ ለእኛ ነው፤ ከጌሙ የምናገኘው ዕውቀት ለተማሪዎቻችን ነው።

እንግዲህ ሥራውን እንከፋፈል። የጂኦግራፊ ሰልጣኞች ከፍታውን ይያዙ፤ የፊዚክሶቹ ኩርባውንና ፍሬኑን ያስሉ፤ የታሪኮቹ ዓመቱን ያጣሩ፤ የሥነ ሥዕሎቹ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ከፊት ለፊቱ ቆመው ይሣሉ። የቋንቋዎቹ ደግሞ ከሁላችንም የሚበልጥ ሥራ አላቸው፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት በምድር ባቡር የሠራ ካለ ደብተርና እርሳስ ይዘው ሄደው ይጻፉ። እባካችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛ የተማርነው ደብተር ሳንይዝ በመቅረታችን ነው።

የስዊሱን ሐሳብ ያቀረባችሁ ጓደኞቻችን፣ አትቀየሙን። በሚቀጥለው መንፈቅ የበርን–ዙሪኩን ለመሥራት የመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች እኛ ነን። የእናንተው ባቡር ያስተማረን ደርሶ መገናኘት ከመፍጠን እንደሚበልጥ አይደለም? እኛም የምንለው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳናመልጣቸው እንገናኝ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ እዚህ ግን መቸኮል ያለብን አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ከእነሱ ዘንድ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በክበቡ ስብሰባ እንገናኝ። የጓደኛችንም አያት አሁን ደህና ናቸው፤ ከሞጆ እስከ አዋሽ ያለውን ቃል ሰጥተዋታል፤ ጽፋዋለች። የቀረው ከለገሃር እስከ ሞጆ ነው።