ሰዓቱ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

«ሰዓት ሰዓት ነው፤ ካልሠራ ይሸጥ!»

ይህን ያለኝ የቅርብ ወዳጄ ነው። ያለኝም የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት፣ ከሣጥኑ ሥር የተገኘውን የእጅ ሰዓት ከፊታችን አስቀምጠን ስንነጋገር ነው። ሰዓቱ ወርቅ ነው። ፊቱ ላይ ዘውድ አለበት፤ ጀርባው ላይ የአባቴ ስምና 1957 ዓ.ም. ተቀርጾበታል። ጃንሆይ የሸለሙት ነው። ወርቅ ቤት ብንወስደው በግራም ተመዝኖ ለሦስት ወንድማማቾች ይካፈላል። እንደ ወዳጄ አባባል ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። እኔ ግን አያልቅም እላለሁ።

«ይሸጥ» ባዮች የሚመኩት በሂሳብ ነውና እስቲ በሂሳብ እንነጋገር። ሰው ጨረቃን በረገጠበት በ1969 እ.ኤ.አ. የኦሜጋ ኩባንያ ለአፖሎ 11 መታሰቢያ 1,014 የወርቅ ሰዓቶች መሥራት ጀመረ። ጥቂቶቹ ስማቸው እየተቀረጸ ለጠፈርተኞች ተሰጡ፤ አብዛኞቹ ለገበያ ቀረቡ። ወርቁ አንድ፣ ፋብሪካው አንድ ነው። ይሁንና የጠፈርተኛው የዋሊ ሺራ ሰዓት በ2022 እ.ኤ.አ. በሐራጅ 1.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያወጣ፣ ከሱቅ የተገዙት መንትዮቹ ወደዚህ ዋጋ አልተጠጉም። ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? የተቀረጸው ስምና ስሙን ተከትሎ የመጣው ታሪክ ነዋ! የወርቅ ቤት ሚዛን ደግሞ ስም አይመዝንም። እንግዲህ በሂሳብም ቢሆን ሰዓቱን በግራም የሚሸጥ ሰው ከስሮ ነው የሚመለሰው።

የራሳችንን ጉድ ደግሞ እንይ። በ2015 እ.ኤ.አ. የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ሐራጅ ሊሸጥ ሲል፣ በባለቤትነቱ ላይ ጥያቄ ተነሥቶ ከሽያጩ ወጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን እዚያው ጄኔቫ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። «የንጉሥ ሰዓት በባዕድ አገር ሐራጅ!» ብለው ካዘኑት አንዱ ነበርኩ። ለመሆኑ ለንጉሡ ሰዓት እንዲህ ያዘንን ሰዎች፣ ንጉሡ ለአባቶቻችን የሸለሙትን ስንቱን ለወርቅ ቤት እሳት ሰጥተናል? ለእሱስ ማን አዘነ?

ይህን ሁሉ ለወንድሞቼ በቁጣ ተናግሬ «ቅርስ ነው፤ አይሸጥም!» ብዬ ስጨርስ፣ ታናሽ ወንድሜ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«እሺ ይሁን። አባባ ለምን ተሸለመ?»

አፌ ተያዘ። አባቴ የመንገድ ሥራ ቀያሽ እንደነበረ አውቃለሁ። የት፣ ምን ሠርቶ፣ ከማን ጋር? አላውቅም። ሰዓቱን በክንዱ ላይ አይቼው አላውቅም። ዘውዱን ፈርቶ፣ በደርግ ጊዜ እንደደበቀው ቀረ ስንል ኖረናል። ከዚያ በኋላስ ማን ከለከለኝ? ዕቃውን ጠብቄ ታሪኩን የጣልኩ እኔ፣ ከሚሸጠው ሰው በምን እሻላለሁ?

አብረውት የሠሩ አንድ ሽማግሌ በሕይወት አሉና ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ አባቴ ሰዓቱን ለምን አያደርገውም ነበር?» አልኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ ክረምቱ ሳይመለስ መልሰው ሲሠሩ ሁለት የቀን ሠራተኞች ወንዝ ውስጥ ቀሩ። ድልድዩ ሲመረቅ የተሸለመው ግን ቀያሹ ነበር። «አባትህ ‹ይኸ የእነሱ ነው› ብሎ ኪሱ ከተተው። አንድም ቀን አላሰረውም» አሉኝ። የሁለቱንም ስም ነገሩኝ።

ስለዚህ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰዓት ያላችሁ ሁሉ፣ ይሸጥ አይሸጥ ብላችሁ ከመጣላታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ማን ሸለመ፣ ማን ተሸለመ፣ ስለ ምን? የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ሂዱ፤ ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ። ገጹ ባዶ ከሆነባችሁ ሰዓቱ መሳቢያችሁ ውስጥ እያለ ተሸጧል። ከጻፋችሁ በኋላ ችግር ቢያስገድዳችሁ ሽጡት። እናት ታማ ሰዓት አቅፎ መቀመጥ ቅርስ ጠባቂነት አይደለም። ግን ጽሑፉን እንዳታስፍቁ፣ ፊቱን እንዳታስቀቡ፤ ከነወረቀቱ፣ ታሪኩን አውቆ ለሚይዝ ሰው ወይም ለሙዚየም ስጡት።

የእኛ ሰዓት አልተሸጠም። ከጎኑ አንድ ገጽ ተቀምጧል፤ ሦስት ስም አለበት። ወዳጄ ሆይ፣ «ሰዓት ሰዓት ነው» ብለኸኛል። በል እንግዲህ ሚዛንህን አምጣ። ወንዝ ውስጥ የቀሩትን ሁለቱን በስንት ግራም ታስባቸዋለህ?