የዳነ ሰው ስንት ያወጣል?

አስተማሪ የሆነ ሰው ማንም ሳይሾመው የሚሾምበት አንድ ሥራ አለ። ይኸውም በሰፈሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ ወደ እሱ መምጣቱ ነው። የመድኃኒቱ መመሪያ፣ የባንኩ ደብዳቤ፣ የኤምባሲው ፎርም፣ ሁሉም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ሳልጨርስ በሬን ያንኳኳል። እኔም ይኸን ነገር ከደንበኛ ሥራዬ ጋራ ከቈጠርሁት ቈይቻለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ግን በሩን ያንኳኳችው ታላቅ እኅቴ ነበረች፤ በእጇ የያዘችውም ከኢንተርኔት ላይ የታተመ፣ ለካናዳ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚሞላ ፎርም ነበር። አመልካቹ መሐንዲሱ ባሏ ሲሆን፣ እሷና ሁለቱ ልጆቿ ከእሱ ጋራ ተጠቃለው የሚጻፉ ናቸው።

ስም፣ የልደት ቀን፣ ትምህርት፣ የሥራ ዘመን እያልን በደኅና ወረድን። «ከባድ በሽታ ይዞሽ ያውቃልን?» ከሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ግን እኔ መተርጐሜን አቋረጥሁ፤ እሷም «ቀጥል» አላለችኝም።

ነገሩ እንዲገባ ወደ ኋላ ልመለስ። የዛሬ አምስት ዓመት እኅቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪም ቤት ገባች። ከቀዶ ጥገናውና ከናሙናው ምርመራ በኋላ ሐኪሙ ባሏንና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ የበሽታውን ስም ነገረን። ለእሷ ግን እንዳይነግራት ለመንነው፤ እሱም እሺ አለን። ለእሷ «እብጠት ነበረ፤ ወጥቷል» አልናት። ጠጕሯን ያረገፈውን መድኃኒት «ማጠናከሪያ ነው» አልናት፤ የጨረሩንም ሕክምና «ቍስሉ ቶሎ እንዲደርቅ ነው» አልናት። እሷም አንድ ቀን እንኳ መልሳ ሳትጠይቅ ሁሉን ፈጽማ ዳነች። አሁን የቀራት በየቀኑ የምትውጣት አንዲት ክኒን ብቻ ናት። በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ያ ቃል በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

በዚያ ቅዳሜ ግን ወረቀቱ ጠየቀን። «ወንድም ዓለም» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ያ ነገር ነቀርሳ ነበር፤ አይደለም?» እኔም መሬት መሬቱን እያየሁ «አዎን፣ እታለም» አልኋት። «ዐውቅ ነበር፤ እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው ዝም ያልሁት» አለችኝ። ለካ እኛ ለእሷ ስንሸሽግ እሷም ለእኛ ስትሸሽግ ኖራለች።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጭንቀት ሌላ ነው። ፎርም በመሙላት የሚተዳደር አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ባሏን «‹የለም› ብላችሁ ጻፉ፤ ጠባሳው እንደ ሆነ ከልብስ በታች ነው» ብሎ መክሮት ነበር። ባሏም ወደ ምክሩ ያዘነበለው በክፋት አይደለም። በካናዳ ሕግ ከቤተ ሰቡ መካከል አንዱ በጤና ምክንያት ቢከለከል ማመልከቻው በሁሉም ላይ ስለሚወድቅ ነው። እኅቴንም ያስለቀሳት በሽታው ሳይሆን ይኸው ነበር። «ሞትን አልፌ መጥቼ ለልጆቼ በር መዝጊያ ልሁን?» አለችኝ።

እኔም «ቈዪ፤ አስቀድመን ሕጉ የሚለውን እንይ» ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። ተመሳሳይ ፎርም ይዞ በልቡ የሚጨነቅ ሰው በየሰፈሩ ስለማይጠፋ ያገኘሁትን እዚህ መጻፍ መልካም መሰለኝ።

ወደ ሰው አገር የሚገባውን ሰው ጤና መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1892 በኒውዮርክ ወደብ በተከፈተው በኤሊስ ደሴት፣ ሐኪሞች የሚገባውን መጻተኛ በዓይናቸው እየቃኙ የተጠራጠሩትን በልብሱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጽፉበት ነበር፤ ለልብ አንድ ፊደል፣ ለዓይን አንድ ፊደል፣ ለሚያነክስም አንድ ፊደል። ካናዳም በ1952 ባወጣችው ሕግ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው በበሽታው ስም ብቻ ከበር ትመልስ ነበር። በ1976 የወጣው ሕግ ግን አሳቡን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ «የበሽታህ ስም ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «በሕዝቡ የሕክምና ገንዘብ ላይ ምን ያህል ትከብዳለህ?» የሚል ሆነ። ዛሬ የሚሠራበት በ2001 የወጣው ሕግም በጤና ረገድ የሚከለክለው በሦስት ምክንያት ነው፤ ለሕዝብ ጤና አደጋ የሚሆነውን፣ ለሕዝብ ደኅንነት አደጋ የሚሆነውን፣ እንዲሁም በጤናና በማኅበራዊ አገልግሎት ላይ ከመጠን ያለፈ ሸክም የሚሆነውን።

ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው አይጋባምና የእኅቴ ጉዳይ የሚታየው በሦስተኛው ነው። «ከመጠን ያለፈ» የሚለውም ቃል በግምት የሚነገር አይደለም፤ በገንዘብ ተቈርጦ የተቀመጠ ልክ አለው። ቀድሞ ልኩ ለአንድ ካናዳዊ በአማካይ የሚወጣው ወጪ ነበር። በ2018 የኢሚግሬሽኑ ሚኒስትር አቶ አሕመድ ሁሴን፣ ራሳቸው በወጣትነታቸው ከሶማሊያ ተሰደው ካናዳ የገቡት፣ ልኩን ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ አደረጉት። በ2024 የተቈረጠው ልክ ለአምስት ዓመት 131,100 የካናዳ ዶላር፣ ማለት ለአንድ ዓመት 26,220 ዶላር ነበር፤ ቍጥሩም በየዓመቱ ይታደሳል። ከዚህም በቀር የአንድ ሰው ሕክምና ወረፋ የሚጠብቁትን ሌሎች ሕመምተኞች የሚጐዳ እንደ ሆነ ይታሰባል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የሚቈጠረው ያለፈው ሕክምና ሳይሆን የሚመጣው ነው። እኅቴ የተቀደደችውም፣ ጨረር የገባችውም እዚሁ አገር ስለ ሆነ ያ ወጪ በካናዳ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የሚገባው ከእንግዲህ የሚያስፈልጋት ነው፤ ይኸውም በየጊዜው ሐኪም ዘንድ መቅረብ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የጡት ራጅ መነሣት፣ ደግሞም ያቺ ክኒን። ክኒኗ ታሞክሲፈን ትባላለች፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሲሠራባት የኖረች፣ ዋጋዋም ርካሽ ከሚባሉት መድኃኒቶች የምትቈጠር ናት። ይኸ ሁሉ ተደምሮ ከዚያ ልክ እጅግ ያነሰ ነው። ዛሬም ሕክምና ላይ ያለ፣ በሽታው የተዛመተበት፣ ወይም ዋጋቸው ከፍ ያለ አዳዲስ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ግን ሚዛኑ ይከብድበታል። በሽታው የመመለሱ ዕድልም ይመዘናል፤ ስለዚህ ሲገኝ በስንተኛ ደረጃ ላይ እንደ ነበረና ሕክምናው ካበቃ ስንት ዘመን እንዳለፈ የሚናገር ወረቀት ትልቅ ዋጋ አለው።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ሒለዊትዝ በተባለው ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ሹማምቱ የበሽታውን ወይም የጕድለቱን ስም ብቻ አይተው እንዳይፈርዱ፣ የእያንዳንዱን ሰው ኑሮና ችግር ለብቻው እንዲመረምሩ አዟል። እንዲህም ሆኖ «ለሐኪም ቤቱ እኔው እከፍላለሁ» ብሎ ቃል መግባት ብዙ አይረዳም፤ በዚያ አገር የሐኪም ቤትን ወጪ የሚከፍለው መንግሥት ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ የገባ ሰው ከሕክምና በር የሚመለስበት መንገድ የለምና።

ይኸ ሚዛን ጭራሹን የማይመለከታቸው ሰዎችም አሉ። ካናዳ ያለ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን፣ ወላጅም በእሱ የሚተዳደር ልጁን በቤተ ሰብ ደንብ ሲያስመጣ ይኸ የወጪ ጥያቄ አይነሣም። ስደተኛ ተብሎ የታወቀለት ሰውም እንዲሁ ነጻ ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ወደዚያ አገር የሚገቡት በእነዚህ በሮች ስለ ሆነ፣ በከንቱ የሚፈራው ሰው ብዙ ሳይሆን አይቀርም። እናትና አባትን ማስመጣት ግን በዚህ ነጻነት ውስጥ አይገባም።

መሸሸግስ? ጠባሳ ከልብስ በታች ቢሆንም መርማሪው ሐኪም ልብስ አስወልቆ ያያል። ከዚህም የሚከፋው፣ በፎርም ላይ ሐሰት የጻፈ ወይም እውነቱን የደበቀ ሰው በዚያው ሕግ መሠረት አምስት ዓመት ይታገዳል። እንግዲህ ነቀርሳው ያልዘጋውን በር የሚዘጋው «የለም» የምትለው ቃል ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው የአባቶች ተረት ለሐኪም ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር፤ ለቪዛም እንደሚሠራ ያወቅሁት አሁን ነው። ደግሞም መርማሪው ሐኪም ያየውን ጽፎ ይልካል እንጂ ፈራጁ እሱ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የተጠራጠረ እንደ ሆነ ከመከልከሉ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ባለ ጉዳዩም መልሱንና ማስረጃውን የሚያቀርብበት 90 ቀን ይሰጠዋል።

ይኸን ሁሉ ለእኅቴ ካስረዳኋት በኋላ «እንግዲያው ወረቀቱን እንያያዝ» አለችኝ። የእኔ ኀፍረት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የናሙናውን ምርመራ ውጤት እንዳታገኘው ብዬ በዚያን ጊዜ የቀደድሁት እኔ ነበርሁ። በእጇ የቀረው የመውጫ ወረቀቷ ሲሆን፣ እሱም በልመናችን «እብጠት» ብቻ ይላል። ለፍቅር ብለን የሠራነው ሥራ፣ ዳንሁ ለማለት እንኳ ምስክር ነሥቷት ነበር።

በማግሥቱ ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ሄድሁ። የካርድ ቍጥሯን በቦርሳዋ ውስጥ ጠብቃ ይዛው ኖሯል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አቧራውን እያራገፈ ፋይሏን እስኪያወጣ ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለስን። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር አንብባ አንድ ገጽ ጻፈችላት፤ የበሽታው ዓይነት፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንደ ተገኘ፣ የተሰጣት ሕክምና ሁሉ፣ የመጨረሻው ጨረር የተሰጠበት ቀን፣ ከዚያም ወዲህ የተመለሰ ምልክት እንዳልታየ። ሐኪሟም ወረቀቱን የሰጠችው ለእኔ ሳይሆን ለእኅቴ ነው። እሷም ያን ጊዜ እኛ በተነገርንበት ኮሪደር ላይ ቆማ፣ በገዛ ሰውነቷ ላይ የሆነውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ዓይኗ አነበበች። ስትጨርስ አላለቀሰችም። «ይኸን ሁሉ ችያለሁ?» ብቻ አለች።

ሰውን በወጪ መመዘን ተገቢ ነውን? ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልሴ ቀላል አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ ልክ እንዳለው፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሕመምተኛም እንዳለ ይገባኛል። ነገር ግን ሒሳብ ሲሠራ ወጪና ገቢ ይተያያል። ይኸ ሒሳብ እኅቴ የምታስወጣውን ይቈጥራል እንጂ፣ በሒሳብ ሠራተኛነቷ የምትከፍለውን ግብር፣ የምታሳድጋቸውንም ሁለት ልጆች በሌላው ዓምድ አይጽፍም። ይኸን ጕድለት ብናገር አላፍርም። የሆነ ሆኖ እኛም ከመፍረዳችን በፊት ራሳችንን እንይ፤ የባዕድ አገር ፎርም በአንድ መስመር የጠየቃትን ጥያቄ፣ እኛ የሥጋ ዘመዶቿ በአምስት ዓመት ውስጥ አልጠየቅናትም። ስለዚህ የታመመ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ወረቀቱን አትቅደዱ፣ ቃሉንም አትሸሽጉ። የሚፈለግበት ቀን ይመጣል፤ ባይመጣም የባለቤቱ ነው።

ፎርሙን እኅቴ ራሷ «አዎን» ብላ ሞላችው፤ የሐኪሟም ወረቀት ተያይዞ ሄደ። መልሱ ገና አልመጣም። ከላኩት በኋላ የዚያን ወረቀት አንድ ግልባጭ አምጥታ ሰጠችኝና፣ «አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ብቻ ዳግመኛ እንዳትቀደው» ብላ ሣቀችብኝ።