አንባቢ የሚመርጠው ታሪክና የደራሲው ካርታ

አንባቢ በየመታጠፊያው መንገዱን እየመረጠ የሚያነበውን ልብ ወለድ ለመድረስ የሚሻ ወጣት፣ አሜሪካዊው ክሪስ ክሊማስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ያወጣውንና ያለ ክፍያ የሚገኘውን ትዋይን የተባለ ፕሮግራም በከፈተ ጊዜ፣ ወደ ረቂቆቹ ትእዛዛት ከመቸኮሉ በፊት በፊቱ የተዘረጋውን ባዶ ሰሌዳ በትዕግሥት ሊያጠና ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱ የታሪኩ ምንባብ ትንሽ ሣጥን ሆኖ ይታያል። ደራሲው ከሣጥኖቹ አንዱን ከፍቶ ሲጽፍ የሌላ ምንባብ ስም በድርብ ማዕዘናዊ ቅንፍ ([[ ]]) መካከል ቢያኖር፣ ያ ምንባብ ገና ያልተጻፈ ቢሆን፣ ፕሮግራሙ ስሙን የተሸከመ አዲስ ሣጥን ይፈጥርና ሁለቱን በቀስት ያያይዛቸዋል። ስሙም ጽሑፉም በግእዝ ፊደል ሊሆን ይችላል። ለተመሳሳይ ሥራ ግራሃም ኔልሰን የፈጠረው ኢንፎርም 7 የተባለ ፕሮግራም ግን፣ ገጽታው እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ያማረ ቢሆንም፣ ደራሲውን በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲያዝዝ ያስገድደዋልና ለእኛ ጀማሪዎች አልመርጠውም።

በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ አንባቢ አንድ ቃል ብዙ መንገድ እንዳለው ያውቃል፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ «አንድም» እያሉ የሚያወርዱት ትርጓሜ ሁሉ በፊቱ ተዘርግቶለት ሲሰማ፣ የዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ አንባቢ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ሳያያቸው ያልፋል። መንገዶቹን ሁሉ በአንድነት የሚመለከት ደራሲው ብቻ ነው፤ የሚመለከተውም ሣጥኖቹና ቀስቶቹ በሰሌዳው ላይ በሠሩት ካርታ ነው። ከአንድ ሣጥን ሦስት ቀስቶች ወጥተው ወዲያው ተመልሰው ወደ አንድ ሣጥን ሲገቡና የመጣው ሁሉ ያንኑ ቃል ሲያነብብ፣ ለአንባቢው የቀረበለት ምርጫ ከንቱ እንደ ነበረ ካርታው ይመሰክራል፤ ይህንንም በጽሑፉ ውበት የተማረከ ዓይን አያስተውለውም። አንባቢን አክብሮ ፈቃዱን የጠየቀ ደራሲ ለሰጠው ፈቃድ ዋጋ መክፈል አለበትና፣ እንዲህ ያለውን ስፍራ ወይ አጥፍቶ ወይ አስፍቶ ሊጽፈው ይገባል።

ታሪኩ ሲሰፋ ቀስቶቹ ተወሳስበው ዓይን ያደክማሉ የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ሆኖም ደራሲው ቻርሊ ብሩከር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ለታየው፣ ተመልካቹ መንገዱን ለሚመርጥበት ለባንደርስናች ፊልም ንድፍ ትዋይንን የተጠቀመው፣ የተወሳሰበ ታሪክ ውስብስብነቱ የሚታይበት ስፍራ ስለሚያሻው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ሳላሳስብ አላልፍም፤ በኢንተርኔት ማሰሻ ለሚጽፍ ሰው ታሪኩ የሚቀመጠው በዚያው ማሰሻ ማኅደር ውስጥ በመሆኑ፣ ማኅደሩ በተጠረገ ጊዜ ድካሙ ሁሉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጀማሪው ገና የመጀመሪያውን ቀስት ባሰመረበት ዕለት፣ ሥራውን በፋይል አውጥቶ በሌላ ስፍራ ማስቀመጥን ይልመድ።