ሳይመረመር የሚፈረድበት ኮምፒዩተር

በዛሬው የቤተ ሰብ ዓምዳችን በየቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ስለሚያጋጥም አንድ ችግር፥ ይኸውም አልነሣ ስለሚል የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ልናመለክታችሁ ወደናል። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በእንዲህ ያለው ዕቃ ውስጥ የልጆች ትምህርት፥ የቤት ውልና ያረፉ ዘመዶች ፎቶግራፍ ተቀምጦ ይገኛልና ጉዳቱ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

እኛም ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤታችን ኮምፒዩተር አልነሣ ቢለን፥ ምንም ሳንጠይቅ ለአንድ ጠጋኝ ሰጠነው። እርሱም በውስጡ ያለውን ሁሉ ፎርማት አድርጎ መለሰልን። ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ የእናታችን ፎቶግራፍ ግን ጠፋ። እናታችን ቀደም ብለው ዐርፈው ነበርና ሌላ ማንሣት አልተቻለም። ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ በችሎት ስንጽፍ የኖርን ሰዎች፥ በቤታችን ሳንመረምር ፈረድን።

ባለፈው ክረምት ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ጀዊ ሄደን በአንድ ወዳጃችን ቤት ዐደርን። ጀዊ በ2007 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ለመጡ ስደተኞች መጠለያ የተሠራባት ስፍራ ናት። በዚያ አገር የበጋው አቧራና የክረምቱ ርጥበት ለዕቃ አይመችም። የወዳጃችን ኮምፒዩተር ብዙ ሳምንት ሳይነካ ቆይቶ አልነሣ ስላለ፥ «ይህስ ሞቷል፤ ሌላ እንገዛለን» አሉ። ትንሿ ልጃቸው ግን «አባባ፥ ቁልፉ ሲጫን ይጮኻል እኮ» አለቻቸው። እኛም ይህን ምስክርነት ተቀብለን ምርመራውን ከውጭ ወደ ውስጥ ጀመርን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የኤሌክትሪኩ ኃይል ነው። በቀድሞው ዘመን ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ነበር፤ ውኃው ጎድሎ መርከብ ቢቀር ሞተሩ ተበላሸ አይባልም። እንዲሁም በዚያው ሶኬት ላይ መብራት ወይም የስልክ ቻርጀር ሰክቶ መፈተን፥ የገመዱን ሁለት ጫፍ ማጥበቅ፥ በስተኋላ ያለውን ማብሪያ ማየት ይገባል።

ሁለተኛ፥ ሞኒተሩ መብራቱን መመልከትና ገመዱን መፈተሽ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ደኅና ሆኖ ሞኒተሩ ብቻ ጨልሞ ይገኛልና። ሦስተኛ፥ የተሰካውን ፍላሽ መንቀል ነው፤ ኮምፒዩተሩ መነሻውን ከፍላሹ ሲፈልግ ሊቆም ይችላል።

አራተኛ፥ ድምፁን ማድመጥ ነው። የጩኸቱ ቍጥርና ርዝመት የጉድለቱን ስፍራ ያመለክታል፤ ትርጓሜውም እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ከመምሪያ መጽሐፉ ይታያል። በጀዊ የሰማነው ጩኸት ራም የሚባለውን የማስታወሻ ክፍል አመለከተን። ገመዱን ነቅለን፥ የማስነሻውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭነን፥ የሣጥኑን ብረት ከነካን በኋላ ከፈትነው። ራሙን አውጥተን አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግን፤ ቀጭ እስኪልም ድረስ መለስነው። ኮምፒዩተሩም ያለ አንዳች ወጪ ተነሣ። ነገር ግን ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን ሣጥን ማንም በቤቱ አይክፈት፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ በውስጡ ይቀራልና ይጎዳል።

ቀኑና ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ እንደ ሆነ፥ በውስጥ ያለችው የ3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለችና መለወጥ ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ደጋግሞ ማስነሣት ጥፋቱን ያብሳልና ወዲያው ይዘጋ፤ ለዐዋቂም ይሰጥ።

ወዳጃችን በዚያው ማታ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍና የቤቱን ወረቀት በሌላ ዲስክ ገለበጡ። ስለዚህ አንባቢዎቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፤ ኮምፒዩተሩ ደኅና ሳለ ግልባጭ አስቀምጡ፤ ለጠጋኝ ስትሰጡም «ያለ ፈቃዳችን ፎርማት አይደረግ» የሚል ቃል ጽፋችሁ አስፈርሙ። ችኩል ጅብ ቀንድ ነከሰ እንዲሉ፥ የእኛ ችኮላ ያሳጣንን በእናንተ ቤት እንዳናይ እንመኛለን።