ዝግታው የጆሮ ሥራ ነው
የሂዩስተኑ ዲጄ ስክሩ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕ መሆኑ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህ ሰው የአንድን ዘፈን ሁለት ሸክላዎች ጎን ለጎን ያስቀምጥ፣ አንዱን ከሌላው በትንሽ ያስቀድም፣ በመካከላቸው እየተመላለሰም የመረጠውን ቃል ይደጋግም ነበር። ከዚያ የቀዳውን ያዘገየዋል። ካሴት ሲዘገይ ድምፁ አብሮ ይወፍራል፤ ራፐሩ ከደረቱ ሥር የሚናገር ይመስላል፣ ቤዙ መኪናውን ይሞላዋል። ሂዩስተን ያለችበት ቴክሳስ ደግሞ ሙቀት የበዛባት፣ መንገዷ ረጅም የሆነ የመኪና አገር ናት፤ ሙዚቃው ለዚያ ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ2000 በ29 ዓመቱ ሲሞት የኮዴይን እጅ ነበረበት፤ ይህ አይካድም። ካሴቶቹን የሠራው ግን ሽሮፑ ሳይሆን ጆሮው ነው። ዛሬ ዘፈን ማዘግየት በስልክ የሰከንዶች ሥራ ነው፤ ብዙው ባዶ የሚሆነውም ማንም የትኛው ቃል መደገም እንዳለበት ስለማይመርጥ ነው። ይህን የምትሞክሩ ወጣቶች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ግጥሙን ደጋግማችሁ አድምጡ። ፍጥነቱን ቀንሶ የድምፁን ቅጥነት እንዳለ የሚያቆየውን ማስተካከያም አጥፉት፤ ድምፁ ካልወፈረ ዘፈኑ ይጎተታል እንጂ አይከብድም።