«የግንዛቤ ችግር» አትበሉኝ

ባለፈው ክረምት የብሎካችን ሴፕቲክ ታንክ ሞልቶ ምድር ላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን በር ላይ ፈሰሰ። መጣጭ መኪና ጠየቅን፤ «ወረፋ አለ» ተባልን። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በመጨረሻ ኮሚቴው ከየቤቱ 300 ብር ሰብስቦ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አመጣና፣ ማታ ማታ ከማንሆሉ ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ የሚወስድ ቱቦ ተቀበረ። ቦዩ የሚገባው ወንዝ ውስጥ ነው። «እስቲ ኢንጂነሩ ልጃችን ቁልቁለቱን ይየው» አሉ ሰብሳቢው። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ነው፣ የምሠራው ሶፍትዌር ነው፤ ለጎረቤት ግን ኢንጂነር ኢንጂነር ነው። አየሁት። ጥሩ ይወርዳል አልኳቸው።

ስለዚህ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ቀርቦ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ሲል እስቃለሁ። ከእኛ ብሎክ ማን ነው ቱቦው የት እንደሚሄድ ያላወቀው? ነርስ አለች፣ መምህር አለ፣ እኔ አለሁ። የጠፋው ግንዛቤ ሳይሆን የምንቀጥልበት መስመር ነው። ጥፋት የለብኝም እያልኩ አይደለም፤ አለብኝ። ግን ጥፋቴን በፖስተር አታጥቡትም።

ነገሩ ቀላል ሃይድሮሊክስ ነው። ከእንጦጦ በኩል የሚወርዱት እነ ቀበና፣ እነ ቀጨኔ መጨረሻቸው ትልቁ ወይም ትንሹ አቃቂ ነው። ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽ፣ ከአዋሽ አፋር። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ እዚያው በረሃው ውስጥ ይቀራል። እኛ ፍላሽ ያደረግነውን የሚጠጣ ከብትና ሰው ታች አለ። ወንዝ ትንሽ ቆሻሻ ራሱ ያጠራል፤ ሲበዛበት ግን ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ድልድይ ላይ አፍንጫችንን የምንይዘው ያኔ ነው። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ግድብ ነው። ዛሬ እምቦጭ ይበቅልበታል።

በአቃቂ ዳር የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ ተመልሶ ወደኛው ገበያ ይመጣል። «ቀቅለን ነው የምንበላው» ትላለች እናቴ። ጎመኑን እሺ፣ ሰላጣውንስ ማን ይቀቅላል? ደግሞ መቀቀል ጀርምን ይገድላል እንጂ ከቆዳ ፋብሪካ የመጣ ክሮሚየምን አያጠፋም።

ማጣሪያ የለም ወይ? አለ። የቃሊቲው አሮጌ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲይዝ የተሠራ ነበር፤ አዲሱ 100,000 ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን እናስላው፦ አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ብቻ ያፈሳል ብንል 1,250,000 ሰው ነው የሚያስተናግደው። የከተማው ሕዝብ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ሌሎች ትንንሽ ማጣሪያዎች ቢኖሩም፣ መስመር ያልደረሰው ሰፈር ፍሳሽ በእግሩ ተራምዶ ቃሊቲ አይሄድም።

በ2011 የተጀመረው የሸገር ወንዝ ዳር ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር ተባለ። ፓርኮቹ ያምራሉ፤ እኔም ከፍቅረኛዬ ጋር ሄጃለሁ፣ ፎቶም ተነስቻለሁ። በኛ ሙያ ግን ዳታቤዙ እየፈሰሰ ፍሮንት ኤንድ የሚያሳምር ሰው አለቃው ምን እንደሚለው አውቃለሁ።

የሕግ እጥረትም የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ መብት ነው ይላል፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ወጥቷል። ስለዚህ ስንት ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ እንደተነጠፈ ሳይሆን ስንት ቤት ከመስመር እንደተገናኘ ንገሩን። አስፋልት ሲቆፈር ቱቦው አብሮ ይግባ፣ ድጋሚ እንዳይቆፈር። በየድልድዩ ውሃው ይመርመርና ውጤቱ በየወሩ እዚያው ይለጠፍ። ሲስተሙን በነፃ እሠራላችኋለሁ፣ ከምሬ ነው።

የኛ ቱቦ አሁንም እዚያው ነው። ዘንድሮ ታንኩ አልሞላም። በዓመታዊው ስብሰባ ኮሚቴውን አጨብጭበን አመሰገንን።